ከጀርባ ወደ ጀርባ

ጆንያ ሲሸተኝ እስቃለሁ። ሌላው ሰው ዝናብ የነካው አፈር ወይም አሪቲ ሲሸተው ሆዱ ይባባል፤ እኔ ግን ያ የድሮው የቃጫ ጆንያ፣ የስንዴ ገለባና የአቧራ ሽታ ያለው፣ አፍንጫዬ ላይ ከደረሰ አለቀ፣ ብቻዬን እንደ ዕብድ እንከተከታለሁ። ያለፈው እሑድ እዚሁ አምቦ፣ አንድ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ የደረሰብኝም ይኸው ነው። የዘንድሮ ዲኮር ሠሪዎች መቼም የማያመጡት ነገር የለም፤ «ባህላዊ ይሁን» ብለው የአዳራሹን አንድ ጥግ በአሮጌ ጆንያ ሸፍነው፣ አንድ ሞፈር አስደግፈውበታል። ገና ከበሩ ስገባ ሸተተኝ። ባለቤቴ ክንዴን ቆንጥጣ «ኧረ ሰው ያይሃል፣ ሽማግሌ ሰውዬ!» አለችኝ። ምን ላድርግ? ሙሽራዋ የጓደኛዬ የኢተፋና የሚስቱ የዲንቄ የልጅ ልጅ ናት። ዲንቄን ደግሞ እኔ መጀመሪያ ያየኋት ጆንያ መሐል ነው።

የዚህ ሠርግ ሚዜ ደግሞ የጉድ ነው። ክንዱ የኔን ጭን ያክላል። ጂም የሚሠራ ልጅ መሆኑን ኮቱ ራሱ ይናገራል፣ ስፌቱ ሊተረተር ደርሷል። ሙሽራዋን ከመኪናው ብድግ አድርጎ እስከ መድረኩ ድረስ ይዟት ሄደ። ቪዲዮ አንሺው «አልወጣም፣ ድገመው!» አለው፤ ደገመው። «አሁን ደግሞ ከጎን!» አለው፤ ሠለሰው። ልጁ አላላበውም፣ አልተንቀጠቀጠም፣ ጭራሽ ከሙሽራዋ ጋር እየተሳሳቀ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቅር አለኝ። ሙሽራ መሸከም እንዲህ ቀላል ነገር ሆኖ ማየት አልፈለግኩም። እኔ ለአርባ እርምጃ ብዬ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁ ሰው ነኝ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ቁጥር ላይ ድሮም ደካማ ነኝ፣ ሳስተምር የኖርኩትም ቋንቋ ነው። ብቻ ቀበሌ የሚባለው ነገር ገና ትኩስ የነበረበት፣ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን «ጓድ» የሆነበት፣ ስኳር በደብዳቤ የሚገኝበት ጊዜ ነው። አምቦን ያኔ እንደ ዛሬ ባጃጅ አልወረራትም። የነቀምቴ አውቶቡስ ሲቆም ከተማው ሁሉ ከየበሩ ብቅ ብሎ ማን እንደወረደ ያያል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ሻይ ስል ደግሞ ብርጭቆው ሞልቶ ማቆሚያው ሳህን ላይ የሚፈስ ሻይ ነው፣ የፈሰሰውንም ከሳህኑ ላይ ፉት እንል ነበር። ዘፈን ለመስማት ካሴት ቤቱ ደጃፍ መቆም ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ አንዱን ካሴት ከጧት እስከ ማታ ሲያዞረው ይውላል፣ ካሴቱ አንድ ቦታ ላይ ይነክስ ስለነበር እኛም ስናንጎራጉር እዚያች ቦታ ላይ አብረን እንነክስ ነበር። ኢተፋ መንገድ የሚጠርግ ቤል ቦተም ለብሶ፣ አፍሮው ላይ ሚዶ ሰክቶ ሲመጣ ከሩቅ ይታወቃል። ሥራው ከብት መከተብ ነው። ጧት በሬ ሲታገል ይውልና ማታ ዘንጦ ይወጣል።

እኔስ? እኔ ጠመኔ ነበርኩ። ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ስም ነው፣ ውለው ይግቡና። ቀጭን፣ ነጭ ሸሚዝ የማላወልቅ፣ ነፋስ ሲነሳ አጥር የምይዝ ሰው ነበርኩ። ዘመኑ ደግሞ ለቀጭን ሰው የሚሆን አልነበረም። በየግድግዳው ላይ ክንዱ የበሬ ሻኛ የሚያክል ወዛደር ተሥሏል፤ መዶሻ ይዞ ቁልቁል ያየኛል። በየስብሰባው «የሰፊው ሕዝብ ክንድ» ይባላል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ወገቡ ላይ ሽጉጥ ሻጥ አድርጎ ይንጎራደዳል፣ ሱቅ ሲገባ ተራ ይለቀቅለታል። ሰው «ጉልበት ያለው» ሲባል ወይ የሥዕሉ ወዛደር ነው፣ ወይ ባለ ሽጉጡ። እዚህ ከተማ ሰው ሲለያይ «ጀባዹ» ይባባላል፤ በርታ፣ ጠንክር ማለት ነው። ለተማሪም ይባላል፣ ሐዘን ለተቀመጠም ይባላል፣ መንገድ ለሚሄድም ይባላል። እኔ ግን «ጀባዹ» በተባልኩ ቁጥር ክንዴን የሚያዩብኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ኢተፋ «ጠመኔ፣ ላገባ ነው። አንደኛ ሚዜዬ አንተ ነህ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። ከጊንጪ ከተማ ናት አለኝ፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ የእህል መጋዘን ጠባቂ የኦቦ ባይሳ ልጅ። ከብት ሊከትብ ሄዶ ነው ያያት። ከዚያ ቀስ ብሎ «ባህሉን ታውቀዋለህ አይደል?» አለኝ። አውቀዋለሁ እንጂ። አንደኛ ሚዜ ሙሽራዋን ከአባቷ ደጃፍ አዝሎ እስከ መኪናው ያደርሳታል። እግሯ መሬት አይነካም። ከነካ አባትየውን የሚጠላ ሁሉ «ቸኩላ በእግሯ ሄደች» ይላል፣ ለዕድሜ ልክ።

«ስንት እርምጃ ነው?» አልኩት።

«አጥሩ ጠባብ ስለሆነ መኪና አይገባም። አርባ ቢሆን ነው።»

«እሷስ… ምን ያህል ናት?»

ኢተፋ ብርጭቆው ውስጥ አየ። ሻዩን አማሰለ። ስኳር እንኳ አልነበረውም። «ጤነኛ ናት» አለኝ።

ይቺ «ጤነኛ» የምትለው ነገር አላስቀምጥ አለችኝ። በገበያ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሬ ጊንጪ ወረድኩ፤ ሄጄ በዓይኔ ማየት አለብኝ። መጋዘኑ መንገድ ዳር ነው። ገበሬው ስንዴውን፣ ጤፉን በአህያ ጭኖ ይሰለፋል፣ ውስጥ አንድ ትልቅ የእህል ሚዛን፣ ባስኩል፣ አለ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። አንዲት ከኔ በስንዝር የምትረዝም ልጅ፣ የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ኩንታል ጆንያ ጆሮውን ይዛ ከመሬት አንስታ ጭኗ ላይ፣ ከጭኗ ትከሻዋ ላይ አደረገችና እየሄደች ከሌላው ጋር ታወራለች። እያወራች! ሌላው ወዛደር ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እሷ ወሬ ታወራለች።

«አንተ፣ ምን ፈልገህ ነው እዚያ የተገተርከው?» አለችኝ ጆንያውን ጥላ።

«የኢተፋ… ሚዜው ነኝ።»

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «አሃ! ሸክሙን ልታይ መጣህ!»

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ወሬ አላበዛችም፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ባስኩሉ ላይ ዘላ ወጣች። ብረቱን ራሷ ገፋች። «ሰባ ስምንት። ከነጫማዬ። ና አንተም ውጣ።» ወጣሁ። ምን ቆርጦኝ እንቢ እላለሁ? «አርባ ዘጠኝ» አለች። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም፤ ሁሉም አዘነልኝ፣ እሱ ባሰብኝ። ዲንቄ ብቻ ወደ ውጪ ወሰደችኝና አንድ ግማሽ ጆንያ ስንዴ ጀርባዬ ላይ ጫነችብኝ። «ወገብህን አትጠፍ። ትንፋሽህን አትያዝ። መሬት መሬቱን አትይ፣ የምትደርስበትን እይ። ደግሞ አትፍራ፣ ሰው ከስንዴ ይሻላል። ስንዴ አይይዝህም፤ ሰው ግን ይይዝሃል።» ሰባት እርምጃ ሄጄ ከነስንዴው ዘጭ አልኩ። የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ተሰበሰበልኝ።

ከዚህ ሁሉ ጉድ የሚያወጣኝ በር በሳምንቱ ተከፈተ፣ ማን ይከፍተዋል መሰላችሁ፣ የጊንጪው ቀበሌ ሊቀመንበር! ኦቦ ባይሳ ለሠርጉ የስኳር ደብዳቤ ሊያጽፉ ሄደው ወሬው ጆሮው ገብቷል። ሰውዬው ስብሰባ ጠርቶ እኔንም ከአምቦ አስጠራኝ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሊቀመንበሩ ካኪውን አስተካክሎ፣ ሽጉጡን ነካ አድርጎ ተነሳ። «ሰው በሰው ጀርባ ላይ የሚወጣበት ዘመን አብቅቷል! ይህ የሚታያችሁ ጓድ መምህር ጭቁን ነው። አንዲት ሙሽራ በእሱ ላይ ተጭና ስትሄድ ሕዝቡ ዝም ብሎ ያያል? ይህ ብዝበዛ ነው!»

እኔ በልቤ «አፍህን ይባርከው!» እያልኩ ነው። በሕይወቴ በአንድ ሊቀመንበር ንግግር ልቤ የተነካው ያን ቀን ብቻ ነው። ልጨብጭብ ስል ኦቦ ባይሳ ተነሱ። አጭር፣ ድምፃቸው የማይሰማ፣ በረባሶ የሚጫሙ፣ ሰው ፊት ቃል የማይወጣቸው ሰው ነበሩ። «ጓድ ሊቀመንበር» አሉ፣ «አንተን እናትህ በምን አሳደገችህ?»

«እ? ምን ማለት ነው?»

«አዝላህ አይደለም? ታዲያ በዝብዘሃታል?»

አዳራሹ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ሰው ሳቁን በነጠላው አፈነ፣ ሽጉጥ አለና። ኦቦ ባይሳ ግን እየቀለዱ አልነበረም። «የዚች ልጅ እናት ልጅቷ ዳዴ ሳትል ነው የሞተችብኝ። እኔ በዚህ ጀርባዬ አዝዬ፣ መጋዘን እየጠበቅኩ፣ ጆንያ እየቆጠርኩ ነው ያሳደግኳት። ወንድ ልጅ ያዝላል ወይ ብለው ስቀውብኛል፣ ግድ አልነበረኝም። አሁን ከኔ ጀርባ ወርዳ ወደ ሌላ ጀርባ ትሂድልኝ ነው የምለው። መሐል ላይ መሬት እንዳታስቀምጡብኝ። ሌላ ነገር አልጠየቅኩም።» ይህን ብለው ተቀመጡ።

ሊቀመንበሩ እንኳ ሽጉጡን መነካካት ተወ። ቀስ ብሎ «እንግዲያው ጉዳዩ በፈቃደኝነት ከሆነ… ጓድ መምህር፣ ይህን ሥራ ያለ ማንም አስገዳጅነት ትፈጽማለህ? ወይስ አትፈልግም?» አለኝ። እዩልኝ እንግዲህ። «አልፈልግም» ብል ነገሩ አለቀ፤ ማንም አይወቅሰኝም፣ ጭራሽ አብዮታዊ እባላለሁ። የኦቦ ባይሳን ጀርባ አየሁ። ወደፊት ጎበጥ ያለ ነው፣ በጆንያ ይሁን በልጅ የጎበጠው እግዜር ይወቅ። «በገዛ ፈቃዴ እሸከማታለሁ» አልኩ። ኦቦ ባይሳ መጥተው ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «ጀባዹ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ በርታ ልጄ።

ከዚያማ ወደ አምቦ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ያከራዩኝ ሴትዮ ግቢ ውስጥ ጆንያ ስንዴ አስቀምጬ ጧት ጧት መለማመድ ጀመርኩ። የጆንያ ሽታ የገባኝ ያኔ ነው፤ ፊቴን ጆንያ ላይ ለጥፌ ሦስት ሳምንት ኖርኩ። ሴትዮዋ ጨጨብሳ በቅቤ እያደረጉ አበሉኝ፣ ከፍል ውሃው መዋኛ እየገባሁ ስንፈራገጥ ዋልኩ፣ ኢተፋ ከጎኔ ቆሞ «አንድ! ሁለት!» ይላል። መጨረሻ ላይ ግማሹን ጆንያ ይዤ አርባ እርምጃ ሄድኩ። ሙሉውን ግን አንድ ቀንም ከአሥር አላለፍኩም። ከብት የሚጥለው ኢተፋ ሊሸከምልኝ አይችል፤ ሙሽራ የራሱን ሙሽራ አያዝልም። አባቷ ሰው ፊት የለመኑትን ነገር እኔ መሐል መንገድ ላይ ዘጭ ላደርገው ነው።

ሠርጉ ጥር ላይ ነበር። የጊንጪ አፈር በጥር ዱቄት ነው፤ ዶሮ ብትራመድበት ዱካዋ ይቀራል። ኢተፋ ከወንድሙ የተዋሰው ኮት ለብሷል፣ የተለመነችው መኪና በአበባ አጊጣ አጥሩ ማዶ ቆማለች። ሽማግሌዎች መረቁ። ዲንቄ እስከ መሬት በሚደርስ ጥቁር ካባ ተሸፍና ከደጃፉ ወጣች። ዝቅ አልኩ፤ ጀርባዬ ላይ ወጣች። እልልታው ቀለጠ። ወገቤን አላጠፍኩም፣ ትንፋሼን አልያዝኩም፣ የመኪናዋን አበባ ትክ ብዬ እያየሁ አንድ አልኩ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር… አሥራ አንደኛው ላይ እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሥራ አራተኛው ላይ ዓይኔ ጨለመብኝ። ጥርሴን ነክሼ «አፈር ስሆን፣ ልጥልሽ ነው» አልኳት በሹክሹክታ።

«ቲቸር» አለችኝ ጆሮዬ ሥር፣ እንደ ጥዋት ሰላምታ በረጋ ድምፅ፣ «አትቁም። እግሬን ላወርድ ነው። ካባው ይሸፍነናል። አንተ ብቻ ፊትህን አታጨማድድ፣ ፈገግ በል።»

«ኧረ አባትሽ…!»

«ዝም በልና ሂድ። ጀባዹ!»

ቀዳዳ ካለው ጆንያ ስንዴ ፈስሶ እንደሚያልቅ ክብደቷ ከላዬ ወረደ። ከኔ ትረዝማለች ብያችኋለሁ፤ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ፣ እጇን አንገቴ ላይ እንደጠመጠመች፣ ካባው ውስጥ በገዛ እግሯ ከኋላዬ ትራመዳለች። እኔ ጎንበስ ብያለሁ፣ ካባው አፈሩን ይጠርጋል፣ ሰው የሚያየው አንድ ቀጭን መምህር ያችን የምታህል ሙሽራ ተሸክሞ እየሣቀ ሲሄድ ነው። ጭብጨባው! ሊቀመንበሩ ራሱ «ይህ ነው የሰፊው ሕዝብ ጉልበት!» ብሎ ጮኸ። ከኋላችን ደግሞ ሌላ ግርግር ተነሳ። ኦቦ ባይሳ፣ በዕድሜያቸው ሲጨፍሩ ታይተው የማያውቁት ሰውዬ፣ በትራቸውን ከፍ አድርገው ረገዳ ይዘዋል! ልክ በኋላችን በኋላችን እየተከተሉ፣ በዚያ በረባሶ አፈሩን ድም ድም እያደረጉ ይረግጡታል። ሰው «ኦቦ ባይሳ ዛሬ በደስታ አበዱ!» እያለ አብሯቸው ገባ፣ አቧራው መንደሩን ሸፈነው። ዲንቄን መኪናው ውስጥ አስቀመጥኳት። ዞር ብዬ አባትየውን ማየት ግን ፈራሁ።

ጠመኔነቴ ያን ቀን አበቃ። ከዚያ በኋላ ስሜ «ትራክተር» ሆነ። አምቦ ውስጥ ሳልፍ ልጆች «ትራክተር መጣ!» ይላሉ፣ እኔም ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። የቀጣዩ በዓል ሰሞን የአምቦና የጊንጪ ቀበሌዎች ገመድ ጉተታ ሲገጥሙ ማንን መጨረሻ ላይ ገመዱን ወገቡ ላይ አስረው አቆሙት? ትራክተርን! ፊሽካው ሲነፋ ጊንጪዎች ሜዳውን ሙሉ በደረቴ አሳረሱኝ። ሸሚዜ ከፊት ሣር፣ ከኋላ ነጭ ነበር። ታዲያ አንድ ሰው እንኳ ቢጠረጥር ምን አለ! «ለእንግዶቹ ብሎ ለቀቀላቸው» አሉ። ስም አንዴ ከወጣ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ቢወድቅ እንኳ እሱ አይወድቅም።

ችግሩ ኦቦ ባይሳ ናቸው። ጊንጪ በሄድኩ ቁጥር ከመጋዘኑ በር ላይ ሆነው «አካም፣ ጀባ ኮ!» ይሉኛል፤ እንዴት ነህ የኔ ብርቱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ያችን አንዲት ነገር ለምነውኝ፣ ልጃቸው ሃያ ስድስት እርምጃ በእግሯ ሄዳለች፤ እሳቸው ደግሞ ያመሰግኑኛል። ስንት ጊዜ ልናገር ብዬ የስንዴ ዋጋ ጠይቄ ተመለስኩ! ከዓመታት በኋላ ታመው ተኝተው ሳለ ቆርጬ ሄድኩ። «ኦቦ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ፣ ያን የሠርጉን ቀን…» ስል እጄን ያዙኝ። «ከጀርባዬ ተቀብለኸኛል። ሌላውን ተወው» አሉኝ። አለቀስኩ። በሽተኛ ልጠይቅ ሄጄ በሽተኛው አባበሉኝ። እንዲህ እንደሆነ ቀረ፤ ሚስጥሩ የኔና የዲንቄ ብቻ ሆኖ፣ እኛም አንድ ቀን አንስተነው ሳናውቅ፣ ፀጉራችን ሸበተ።

እና ያለፈው እሑድ፣ ያ ጡንቸኛ ሚዜ ሦስተኛውን ዙር ሲጨርስ የዲንቄ የልጅ ልጆች «የኛ አያትም በትራክተር ነው የታዘለችው!» ብለው ጮኹ። ማይክራፎኑ እጄ ላይ ተቀመጠ። የጆንያው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነው። ድንገት ይህን ውሸት መቃብር ድረስ አልወስደውም አልኩ። «ስሙኝ!» አልኩ፣ «እኔ ይህችን ሴትዮ አልተሸከምኳትም። አሥራ አራት እርምጃ ብቻ ነው። ሌላውን በእግሯ ነው የሄደችው!» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። «አይ ትሕትና!» ይላል አንዱ። «የድሮ ሰው እንዲህ ነው፣ አይመጻደቅም!» ይላል ሌላው። ኢተፋ ጆሮው ስለከበደው ምን እንዳልኩ አልሰማም፤ ከሁሉ በላይ ግን ያጨበጨበው እሱ ነው። ዲንቄ ተነስታ ማይክራፎኑን ተቀበለችኝ። «ጀርባው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከኔ በላይ ምስክር አለ? ተሸክሞኛል» አለች። እልልታው ጣሪያውን አነሳው።

አጠገቧ ተቀምጬ «ምነው ምነው፣ በዚህ ዕድሜሽ ትዋሺያለሽ?» አልኳት፤ ተናድጄ ነበር።

«ማን ዋሸ? አንተ የተሸከምከኝ ቀበሌው ስብሰባ ላይ ነው። አባቴ ያን ማታ ቤት መጥቶ ‹እንቢ ማለት ይችል ነበር፣ አላለም› እያለ እያለቀሰ ነገረኝ።»

«አባትሽንማ አታንሺብኝ። እሳቸውን አታልለን…»

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ያ የመጋዘኑ ሳቅ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። «ቲቸር! አባቴ ያን ቀን ለምን የጨፈረ ይመስልሃል?»

«በደስታ ነዋ!»

«አባቴ? በየትኛው ዕድሜው ሲጨፍር ታየ? ያ አፈር ዱቄት ነው፣ እኔ እግሬ የወንድ ያክላል፣ ከኋላችን ዱካዬ ወለል ብሎ ታትሟል። ዱካዬን ነበር እኮ የሚያጠፋው! እያንዳንዷን ረገጣት። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ሦስት ቀን ተኛ። በመልሱ ቀን ለብቻዬ ጠርቶኝ ‹ዲንቄ፣ ይሄ እግርሽ በማን ወጣ? ስንት ረገጥኩ መሰለሽ!› አለኝ።»

ያን አቧራ አየሁት፣ ያን ከፍ ያለ በትር፣ ያን በረባሶ። ያ ሁሉ ዘመን ጀባ ኮ ያሉኝ እያወቁ ነው። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት በመጨረሻ።

«ትራክተር መባሉን ወደኸው ነበር» አለች። «ምን ብዬ ልንጠቅህ?»

ሠርጉ ተጋምሶ ስትደክም ወደ ቤት ልሂድ አለች። አዳራሹ በር ላይ ስድስት ደረጃ አለ። ጉልበቷን ታማለች፣ ደረጃ አትወርድም። ያ ጡንቸኛ ሚዜ ሮጦ መጣና ሊያነሳት እጁን ዘረጋ። «ተው ልጄ፣ እኔ የራሴ ሚዜ አለኝ» ብላ ወደኔ ዞረች። «ና ቲቸር። ያን ጊዜ ያልጣልኩብህን ዛሬ ልጣልብህ።»

ትከሻዬ ላይ ክንዷን አደረገች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ሙሉውን ለቀቀችው፣ ምንም ሳታስቀር፤ አርባ ምናምን ዓመት ዘግይቶ ክብደቷ መጣ። ወገቤን አላጠፍኩም። ትንፋሼን አልያዝኩም። ደረጃውን ሳይሆን ከታች በሩን ከፍቶ የቆመውን መኪና እያየሁ አንድ አልኩ፣ ሁለት፣ ሦስት። እግሬ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ይዣታለሁ፤ እሷም ይዛኛለች። ስድስተኛውን ስንወርድ «አሁን ስንት ኪሎ ነሽ?» አልኳት እያለከለክኩ።

«አትጠይቀኝ» አለች፣ «ባስኩሉ ተሰብሯል።»

ከኋላችን፣ አዳራሹ ውስጥ፣ የልጅ ልጆቿ ረገዳ ጀምረው ወለሉን ድም ድም ያደርጉታል።

«ሰማህ?» አለችኝ ዲንቄ።

«ሰማሁ» አልኳት።

መኪናው ውስጥ አስቀመጥኳትና በሩን ዘጋሁ።